በዓሉ አለፈ... ማክሰኞስ?

እኛ አዲስ አበቤዎች በዓመት ሁለት ቀን እንበዛለን። አንዱ ጥምቀት፣ አንዱ ታላቁ ሩጫ። በሁለቱም ቀን አንድ ዓይነት ቲሸርት እንለብሳለን፣ በሁለቱም እንጨፍራለን፣ በሁለቱም ፎቶ እንነሳለን። ታቦት አጅበን ጃን ሜዳ የደረስን ዕለት ከእኛ ወዲያ ክርስቲያን ላሳር ነው! አሥር ኪሎ ሜትሯን እየዘለልን፣ ውሃ እየተረጫጨን የጨረስን ዕለት ደግሞ ከእኛ ወዲያ ሯጭ የለም! ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር የወጣው ሕዝብ አሥር ሺህ ነበር፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም አብሮ ሮጦ አሸነፈ። ዛሬ የሚወጣው በብዙ አሥር ሺዎች ነው። ደስ ይላል፣ ማን ይጠላል?

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ማክሰኞስ?

አዎ፣ ማክሰኞ! በዓል ያልሆነ፣ ካሜራ የሌለበት፣ የታክሲ ሰልፍና የቤት ኪራይ ሐሳብ ያለበት ተራ ማክሰኞ። ያን ዕለት ስንቶቻችን እንሮጣለን? ስንቶቻችንስ እንጸልያለን? ጎበዝ፣ እንተዛዘን እንጂ አንዋሽ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበላችሁ። እኔ አትሌት አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣ ሲለኝ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የምንደረደር የስድስት ኪሎ አካባቢ ልጅ ነኝ። በሳምንት አራት ቀን ከሰልባጅ ተራ በገዛሁት ጫማ ሶምሶማ እወጣለሁ። ሜዳልያ የሚጠብቀኝ የለም። ታዲያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛውም፣ የታክሲ ረዳቱም፣ ከሌሊት ጭፈራ የሚመለሰውም ጎረምሳ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። "ሮጠሽ የት ልትደርሺ ነው?" ቀልደኛው ደግሞ "አይዞሽ ጥሩዬ!" ብሎ ይጨምርበታል።

የእማዬ ግን ይለያል። ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ስትወጣ በር ላይ እንገናኛለን። "አንቺ ልጅ፣ ይኼን ጉልበት ለስግደት ብታውይው ምን አለበት?" ትለኛለች። እኔ ወደ ዳገቱ፣ እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያን።

የቤታችን እውነተኛ አትሌት

ለእማዬ መልስ ሳፈላልግ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ስንቱ ጎረምሳ ወገቡን ይዞ ጥላ ይፈልጋል። ቅዳሜ ደግሞ ደረጃ መውረድ አቅቶት እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይደግፋል። እማዬ ስልሳውን አልፋለች። ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች... ማታ ቤት ገብታ ጉልባኑን የምታወጣልንም እሷው ናት።

ምሥጢሩ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ልምምድ! እማዬ ዓመቱን ሙሉ ማንም በማያያት ሰዓት፣ አልጋዋ አጠገብ፣ በየቀኑ ትሰግዳለች። ስቅለት ለእሷ የውድድር ቀን ነው፤ የተዘጋጀችው ግን በማክሰኞዎቹ ነው። ጎረምሳው በዓመት አንዴ መጥቶ ማራቶን ልሩጥ ስላለ ነው የተሰበረው። ይኼን ስነግራት ሳቀችና "እንግዲያው ጫማ ግዢልኝ" አለችኝ።

እኔም የገባኝ ይኼ ነው። እምነታችን እኮ በአፍ ብቻ የሚባል ነገር አይደለም። ቅዳሴ ሰዓታት ቆሞ ነው የሚደመጠው። ጾሙ በሆድ፣ ስግደቱ በጉልበት፣ ማኅሌቱ በእግርና በመቋሚያ ነው። አባቶቻችን ሰውነትን ትተው ነፍስን ብቻ አላሠለጠኑም። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያስለመዱት።

ደጀ ሰላም ላይ ሰዓት ይቆማል ወይ?

በነገራችን ላይ የእኔ መንገድ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ነው። ያ ዳገት ጉድ ነው! ሯጩ ትንፋሹን እየቆጠረ ይወጣል። ጸበልተኛው ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ደግሞ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። በዚያ መንገድ ላይ ማን ይበልጥ እንደደከመ ለመናገር እኔ አፍ የለኝም።

ችግሩ አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። ሲታለፉ መሳለም አለ። ልቁም? ትንፋሼ ይቋረጣል። ልለፍ? ኅሊናዬ አያሳልፈኝም። በዚያ ላይ ሱሪ ለብሻለሁ፤ በሱሪ ቅጥር ግቢ አይገባም። አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ "አባ፣ እየሮጥኩ ደጀ ሰላም ሳልፍ ምን ላድርግ?" አልኳቸው። እሳቸውም "ልጄ፣ ታክሲ ተሳፍረሽ ስታልፊ ሾፌሩን ታስቆሚዋለሽ እንዴ? አማትቢና እለፊ። እግርሽ ሲሮጥ ልብሽ ግን ቆሞ ይሳለም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተገላገልኩ። ዳገቱ ሲበረታብኝ ግን፣ በእግዜር ስም፣ መሳለሙን አሳብቤ ትንሽ ቆም የምልበት ቀን አለ። እሱም ያውቃል!

"እኔ የቀረኝ የለም፤ እሱ ግን ዘጋኝ"

እስካሁን የተጫወትነው ቀላሉን ነው። አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ሰፈራችን ውስጥ ከገጠር ለሩጫ የመጣ አንድ ልጅ አለ። ከሌሎች አራት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዳገቱ ላይ እየተያየን ተግባባን። ይኼ ልጅ ክለብ ለመግባት ማጣሪያ ነበረበት። ጾመ፣ ሰገደ፣ "ካለፍኩ ጃንጥላ አስገባለሁ" ብሎ ተሳለ። የሚያልፉት ሦስት ነበሩ። እሱ ሰባተኛ ወጣ።

ከዚያች እሁድ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መርገጥ አቆመ። "እኔ የቀረኝ የለም፤ እሱ ግን ዘጋኝ" አለኝ። ሩጫውንም ተወው። ወሬው ሁሉ ስለ አንድ ደላላ ሆነ፤ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ስለሚያስገባ ደላላ። በዚያ መንገድ ስንት ወንድምና እኅት ባሕርና በረሃ እንደበላቸው እኔና እናንተ እናውቃለን። እሱም ያውቃል። ግን ሰው ፈጣሪው እንደዘጋው ሲሰማው ከባሕር አይፈራም።

ምን ልበለው? "እግዜር ለበጎ ነው" ይባላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን ለደላላ ብር እያጠራቀመ ላለ ልጅ እንዲህ ማለት የተራበን ሰው "በልተሃል ብለህ አስብ" እንደማለት ሆነብኝ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት። "መነሻው መስመር ላይ ስንት ሰው አማተበ?" ትንሽ አሰበና "ሁላችንም" አለኝ። "ሙስሊሞቹም ዱዓ አደረጉ።"

ያ ሁሉ ሰው ጸልዮ የሚያልፈው ሦስት ነው። ታዲያ ፈጣሪ የቀረውን ሁሉ ጠልቶ ነው? ቅዱስ ጳውሎስ እኮ ይኼን ነገር ከጥንት አንስቶታል። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 9 ላይ ስለ ሯጮች ይናገራል። ቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ውድድር ይካሄድ ስለነበር ሰዎቹ ነገሩን ያውቁታል። ሁሉም እንደሚሮጥ፣ ሽልማቱ ግን የአንዱ ብቻ እንደሆነ ያስታውሳቸዋል። ያ ሽልማት ደግሞ የሚጠወልግ የቅጠል አክሊል ነበር። እሱ የፈለገላቸው የማይጠወልገውን ነው፤ ለዚያኛው ደግሞ ሦስት ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ የለም።

ያቺ ሥዕል

ከዚያ ስለ መሠረት ደፋር አነሳሁበት። የ2004 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ነሐሴ 4 ቀን ነበር፣ ጾመ ፍልሰታ ውስጥ። መሠረት 5000 ሜትሩን አሸንፋ እንደገባች ከማልያዋ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ ያዘችው። አገር ምድሩ አለቀሰ፤ እኔም ብሆን።

ልጁ ወዲያው "እሷማ አሸነፈች!" አለኝ። ትክክል ነው። ግን እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ሥዕሏ የወጣችው ካሸነፈች በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ሙሉ ግን ከማልያው ሥር ነበረች። ማንም አላያትም። መሠረት አምስተኛ ብትወጣ ኖሮ እኛ ሥዕሏን ጨርሶ አናውቃትም ነበር። ሥዕሏ ግን እዚያው ትኖር ነበር! ደግሞ መሠረት ሁልጊዜ አላሸነፈችም። በ1996 አቴንስ ላይ ወርቅ ወሰደች፣ በ2000 ቤጂንግ ላይ ወርቁ የጥሩነሽ ዲባባ ሆነ፣ ከዚያ ነው ለንደን የመጣችው። በአቴንስና በለንደን መካከል ስምንት ዓመት አለ። ስምንት ዓመት ውስጥ ስንት ማክሰኞ እንዳለ እናንተው ቁጠሩት።

እምነት ማለት ለእኔ ያቺ ሥዕል ናት፤ ስትወጣ ሳይሆን ገና ሳትወጣ። ስንሸነፍም አብራን የምትሮጠው። "ካሸነፍኩ አወጣሃለሁ፣ ከተሸነፍኩ እጥልሃለሁ" ካልነው ግን ንግድ ነው። ስለቱን አልነቅፍም፤ እናቶቻችን ተስለው ነው የወለዱን። ብቻ ስለት ምስጋና እንጂ የሽያጭ ውል አይደለም ነው የምለው።

ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። ተለወጠ ብዬም አልዋሻችሁም። ደላላው እስከ ዛሬ ይደውልለታል። ብቻ ባለፈው ሳምንት ዳገቱን እየሮጠ ሲወርድ አየሁት። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነስ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገና አለፈ። እኔን አላየኝም። እኔም አልጠራሁት።

ለምትጾሙና ለምትሮጡ

ብዙዎቻችሁ ሁዳዴ ሲገባ ጫማችሁን ትሰቅላላችሁ። 55 ቀን ዝም ብሎ መቀመጥማ ያሳዝናል። እኔን የጠቀመኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በጾም ቀን ፍጥነት አትፈልጉ። እየሮጣችሁ ማውራት እስከምትችሉ ድረስ ብቻ፣ ቀስ እያላችሁ። ሁለተኛ፣ ውሃም የማትቀምሱ ከሆነ ፀሐይ ላይ አትውጡ። ወይ በንጋት አጭር ሶምሶማ፣ ወይ ከመግደፊያችሁ በፊት ባለችው ሰዓት፤ ተመልሳችሁ ወዲያው ትቀምሳላችሁ። ሦስተኛ፣ ሲገደፍ ሻይና ዳቦ ብቻ አይበቃም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ቆሎው፣ በሶው ለምን ተፈጠረ? አራተኛ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ አቁሙና ተቀመጡ። ጀግንነት አይደለም።

ስኳርም ሆነ ሌላ ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ሐኪማችሁንም ንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በግድ ጹም አትልም። መድኃኒት ደብቆ መጾም ጽድቅ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተመከሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ትንሽ ጀምሩና አታቋርጡ። አሥር ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንዲት አባታችን ሆይ። ጥምቀትና ታላቁ ሩጫ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ቲሸርቱም አይጠፋም። ማክሰኞን ነው ማንም የማያሳትምላችሁ።

ቸር ያቆየን!