በታውንተን ሜዳ፤ የቤት ልጅና የባሕር ማዶ እንግዳ

ከሎንዶን የፓዲንግተን ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በምድር ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል የተጓዘ መንገደኛ፥ የሱመርሴት አውራጃ ዋና ከተማ ከሆነችው ከታውንተን ይደርሳል። አገሩ የላምና የፖም አገር ነው፤ ከፖም የሚጠመቀው ሳይደር የተባለው መጠጥም፥ ጠጅ ለእኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ለአገሬው መታወቂያው ነው። ቶን የሚባል ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። በወንዙ ዳር የክሪኬት ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ጀርባ የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ግንብ፥ ራቅ ብሎም የመግደላዊት ማርያም ረጅሙ ግንብ ይታያሉ። ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው ደግሞ የኳንቶክን ኮረብቶች ያያል።

በዚህ ሜዳ የሚጫወተው የሱመርሴት ክለብ በ1875 ተመሠረተ፤ ዓመታቱን፥ ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። የሚያስደንቀው ነገር፥ ክለቡ የተወለደው በሱመርሴት ምድር አለመሆኑ ነው። ወደ ጎረቤቱ ወደ ዴቨን አውራጃ ለጨዋታ የሄዱ ሰዎች ሲድመዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተሰብስበው መሠረቱት። ባለቤቶቹ ባለጠጎች አይደሉም፤ እንደ እድር በያመቱ መዋጮ የሚከፍሉ፥ በጉባኤም ድምፅ የሚሰጡ ማኅበርተኞች ናቸው። በታላቁ የአውራጃዎች ውድድር ከገባ ከ1891 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አንደኛ አልወጣም። ስድስት ጊዜ ግን ሁለተኛ ሆኗል፤ በ2010ማ ከኖቲንግሃምሽር ጋር በነጥብ ተካክሎ ሳለ፥ ያሸነፋቸው ጨዋታዎች በቍጥር ስላነሱ ብቻ ዋንጫው አመለጠው። ይህን ያላወቀ ሰው የታውንተንን ሽማግሌዎች ክርክር ሊያስተውለው አይችልም።

ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። በያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች አሉ። ወርዋሪው በመሬት ላይ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለመምታት ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በጠፍጣፋ ዱላ ይከላከላል፥ ኳሷንም አርቆ ሲመታት ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። በልጅነታችን ገና የተጫወትን ሰዎች ዱላና ኳስ ስናይ ልባችን ቶሎ ይማረካል፤ ነገር ግን ገና በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፥ ይህ ግን አራት ቀን ይፈጃል። በአራቱም ቀን ሰው ከረፋድ እስከ ምሽት ተቀምጦ ይውላል። ስለዚህ ንግግሩ ከጨዋታው ያልተናነሰ ነው፤ እንዲያውም በቅኔ ቤት ማታ ማታ ከሚደረገው የተማሪዎች ክርክር ጋር በጣም የሚመሳሰል ሆኖ አገኘነው። የትኛው ሰው ይሰለፍ፥ የትኛው ይቅር፥ ከባሕር ማዶ ማን ይምጣ ሲባባሉ ፀሐይ ትጠልቃለች።

እኛ ያየነው ጨዋታ ሱመርሴት ከሱሬይ ጋር ከሴፕቴምበር 9 እስከ 12 ቀን 2024 ያደረጉት ነው። በእኛ አቈጣጠር በጳጉሜን 4 ቀን 2016 ተጀምሮ በመስከረም 2 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ተፈጸመ፤ እንግዲህ በአንዱ ዓመት ተጀምሮ በሌላው ያለቀ ጨዋታ ነው። በሦስተኛው ቀን ለጎረቤቶቻችን ዛሬ በአገራችን የዘመን መለወጫ ነው ብለን ስንነግራቸው፥ አንዱ ሽማግሌ «ብናሸንፍ ታዲያ በየትኛው ዓመት ይቈጠርልናል?» ብለው አሳቁን።

እኒህ ሽማግሌ የፖም አትክልት ያላቸው ገበሬ ናቸው። በግራቸው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፥ በቀኛቸው ደግሞ በጕልበታቸው ላይ መዝገብ ዘርግተው እያንዳንዷን ኳስ በእርሳስ የሚጽፉ እመቤት ተቀምጠዋል። ሻያቸውን በፔርሙስ፥ ምሳቸውን በወረቀት ጠቅልለው አምጥተዋል። ሦስቱም ለብዙ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጡ ወዳጆች ስለ ሆኑ፥ ሲከራከሩ «አንተ፥ አንቺ» ይባባላሉ።

የክርክሩ መነሻ ከወዲያኛው ወገን የተሰለፈ አንድ ሰው ነበር። ሱሬይ ብዙ ተጫዋቾቹን የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ስለ ወሰደበት፥ ሻኪብ አል ሐሰን የተባለውን የባንግላዴሽ ስመ ጥር ተጫዋች ለዚህ ለአንድ ጨዋታ ብቻ አስመጥቶ ነበር። ሰውየው 37 ዓመቱ ነው፤ እስከዚያው ዓመት እስከ ኦገስት ድረስ የአገሩ ምክር ቤት አባል ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በፊትም ከአገሩ ቡድን ጋር ፓኪስታንን በሜዳዋ አሸንፏል። ከታውንተን በኋላ ወደ ሕንድ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ሕጉ በአንድ ጨዋታ ሁለት የባሕር ማዶ ሰዎችን ማሰለፍን ስለሚፈቅድ ሱሬይ ያደረገው ነገር ጥፋት አይደለም።

ባለ ፖሙ ሽማግሌ ግን «ለአራት ቀን የመጣ ሰው የማን ልጅ ነው? ስማችንን እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል» አሉ። እኛም ይህን ስንሰማ፥ ሟቹን ሳያውቅ በዋጋ ተጠርቶ ሙሾ የሚያወርድ አልቃሽ ትዝ አለን። ባቡረኛው ተቃወሟቸው፤ «አልቃሹ ካላለቀሰ ለቅሶው አይደምቅም፤ ያየነው ሁሉ ይበቃናል» ዓይነት ነበር መልሳቸው። ሻኪብም ሙሾውን አሳምሮ አወረደ፤ በመጀመሪያው ዙር አራት፥ በሁለተኛው አምስት የሱመርሴት መቺዎችን ከሜዳ አስወጣ።

ከዚያ ክርክሩ ወደ ገዛ ቤታቸው ዞረ። ሱመርሴት ኳስ የሚያሾሩ ሁለት ወርዋሪዎች ነበሩት፤ አንዱ በታውንተን የተወለደው ጃክ ሊች፥ ሁለተኛው ወጣቱ ሾኢብ ባሺር። ባሺር የተወለደው በሱሬይ አውራጃ ነው፤ የሱሬይ ክለብ በልጅነቱ አሰናብቶት ነው ወደ ሱመርሴት የመጣው። በ2024 የእንግሊዝ መራጮች ሊችን ትተው ባሺርን መረጡ። ሱመርሴት ግን ሊችን ስለሚያስቀድም ባሺርን ለዉስተርሽር በውሰት ሰጠው። ስለዚህ በአውራጃው ሁለተኛ የሆነው ልጅ በመንግሥቱ አንደኛ ሆነ። መዝገብ የሚጽፉት እመቤት መራጮቹ ወጣቱን ስለ ቁመቱና ስለ ነገው ብለው መርጠውታል አሉ። ሽማግሌው «የዛሬውን እንጀራ ማን ይጋግር?» በማለት ዓይነት መለሱላቸው። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አገር የሚያሰልፍ ሰው የሚያየው የሚመጣውን ዓመት ነው፥ አውራጃ የሚያሰልፍ ሰው ግን የሚመጣውን ሐሙስ ነው።

ነገሩ እየጠነከረ ሲሄድ ሦስቱም ወደማይቀርላቸው ወደ 1986 ደረሱ። ይህን ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሱመርሴት የባሕር ማዶ ሰውን መውደድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከ1894 እስከ 1906 አለቃው የነበረው ሳሚ ዉድስ የአውስትራልያ ልጅ ነው፤ በ1931 የሞተውም እዚሁ በታውንተን ነው። ሌላው አውስትራልያዊ ቢል አሊ በ1961፥ በ42 ዓመቱ፥ በአንድ የጨዋታ ዘመን 3,019 ነጥብ አስቈጠረ። በ1968 ደግሞ ሕጉ ተለወጠ፤ ቀድሞ ከውጭ የመጣ ሰው በአውራጃው ብዙ ጊዜ ሳይኖር መሰለፍ አይችልም ነበር፥ ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ክለብ አንድ ሰው ከመጣበት ቀን ጀምሮ እንዲያሰልፍ ተፈቀደለት። በዚህ በር ነው ሪቻርድስና ጋርነር የገቡት።

ቪቪያን ሪቻርድስ በ1974 ከአንቲጓ ደሴት መጣ፤ ዕድሜው 22 ዓመት ነበር። ጆኤል ጋርነር በ1977 ከባርቤዶስ ተከተለው፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ዋንጫ ያልነካው ክለብ፥ እነርሱና የአገር ልጅ ሆኖ የታየው ኢያን ቦተም በተሰለፉበት ጊዜ፥ ከ1979 እስከ 1983 ድረስ አምስት ዋንጫ አገኘ። በ1985 ሪቻርድስ በዚሁ በታውንተን ሜዳ በዋርክሽር ላይ በአንድ ቀን 322 ነጥብ መታ። ሽማግሌው ያን ቀን ሲያወሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ክለቡ ከሁሉ መጨረሻ ሆነ፤ በተከታዩም ዓመት ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አለ። በ1986 ክረምት ኮሚቴው የሪቻርድስንና የጋርነርን ውል ላለማደስ ወሰነ፤ በእነርሱም ፈንታ በ1984 በሌሉበት ጊዜ ተተክቶ የተጫወተውን የኒውዚላንዱን ወጣት ማርቲን ክሮውን መረጠ። ቦተም ተቈጣ፤ ጓደኞቼ ከተባረሩ እኔም እሄዳለሁ አለ። የጊዜው አለቃ ፒተር ሮቡክ ከኮሚቴው ጋር ስለ ቆመ፥ ቦተም በልብስ መለወጫው ክፍል በሮቡክ ቦታ ላይ «ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ስለ ኳስ ጨዋታ እንዲህ ያለውን ስም ለሰው መስጠት ለእኛ ከልክ ያለፈ ሆኖ ይታየናል፤ ቢሆንም ነገሩ ምን ያህል ቤተ ሰብን እንደ መክፈል ያለ መሆኑን ያሳያል።

ማኅበርተኞቹም ጉባኤ ይጠራልን አሉ። በኖቬምበር 8 ቀን 1986 በሼፕተን ማሌት ባለው የእርሻ ትርኢት ሜዳ ተሰበሰቡ። ድምፅ ሲቈጠር 1,828 ሰዎች ኮሚቴውን ደገፉ፤ 798 ሰዎች ተቃወሙ። ሽማግሌው ከተቃወሙት ወገን ነበሩ፤ እመቤቲቱ ከደገፉት። ይህንንም ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ትናንት የሆነ ያህል ተነጋገሩበት።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት በመካከላችን የኖረ ሰው እንዴት እንግዳ ይባላል?» አሉ ሽማግሌው።

«እንግዳ አላልንም፤ ደከመ አልን» አሉ እመቤቲቱ። «የቤት ልጅም ቢሆን ይደክማል። አባቴን ከእርሻው ያወጣሁት እኔው ነኝ።»

ባቡረኛው ዝም አሉ። ቈይተው «ግን አንቺ አባትሽን በደብዳቤ አላወጣሽም» አሏቸው።

እኛ ከዚህ ክርክር የተረዳነውን ብንናገር፥ የኮሚቴው ስሌት ሞኝነት አልነበረም፤ ክሮው ታላቅ ተጫዋች ነበር፥ የወጣቶችንም መንገድ መክፈት ተገቢ ነው። የተጎዳው ሌላ ነገር ነው። የአንቲጓው ልጅ በውል የመጣ ሠራተኛ ሲሆን፥ ሕዝቡ ግን ውሉን ረስቶት ነበር፤ በ1986 ድንገት አስታወሱት። ቦተም ወደ ዉስተርሽር ሄደ፥ ዉስተርሽርም በ1988ና በ1989 ሱመርሴት የሚመኘውን ያንኑ ዋንጫ ወሰደ። ሪቻርድስ በኋላ ለዌልሱ ክለብ ለግላሞርጋን ተጫውቶ በ1993 የእሑዱን ውድድር አብሮ አሸነፈ። ሱመርሴት ግን ውሎ አድሮ ታረቀ፤ ዛሬ በሜዳው አንዱ በር በሪቻርድስ፥ አንዱ በጋርነር ስም፥ አንዱም የመቀመጫ ሰገነት በቦተም ስም ይጠራል። ሽማግሌው በየትኛው በር እንደሚገቡ አልጠየቅናቸውም።

በአራተኛው ቀን ሱሬይ ለማሸነፍ 221 ነጥብ ይፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ዙር 132 ነጥብ የመታው ቶም ባንተን ቍርጭምጭሚቱ ስለ ተጎዳ፥ በሁለተኛው ዙር ከሁሉ መጨረሻ እያነከሰ ወጥቶ የክለቡን ነጥብ ከፍ አድርጎለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ሱሬዮች ማሸነፉን ትተው ሳይሸነፉ ለመምሸት ይከላከሉ ጀመር፤ ሦስት ሰው ብቻ ወጥቶባቸው 95 ደረሱ። ብዙ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነው በቶሎ ሆነ። ሊች ከአንደኛው ወገን፥ የ18 ዓመቱ አርቺ ቮን ከሁለተኛው ወገን ኳሷን ያሾሯት ጀመር፤ የቀሩት ሰባት መቺዎች 14 ነጥብ ብቻ ጨምረው ወጡ። በመጨረሻ ሁሉም የሱመርሴት ሰዎች በመቺው ዙሪያ እንደ አጥር ከበው ቆመው ነበር። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሱሬይ በ109 ተፈጸመ፤ ሱመርሴት በ111 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ሊች አምስት አስወጣ፤ ቮን በሁለቱ ዙር 11። ቮን የቀድሞው የእንግሊዝ አለቃ ልጅ ነው፤ የተወለደው በሰሜን በሼፊልድ ሲሆን ወደ ሱመርሴት የመጣው ለትምህርት ነው። «የእኛ ልጅ!» እያለ ሕዝቡ ሲጮኽ፥ ይህን ያስታወሰ አልነበረም፤ እመቤቲቱም እርሳሳቸውን አስቀምጠው ቆመው አጨበጨቡ።

ማታ ከጣቢያው ላይ ባቡረኛውን አገኘናቸው። የሻኪብን ነገር ትተውት ነበር፤ አሁን የያዙት ለከርሞ ፈጣን ወርዋሪ ከአውስትራልያ ይሻላል ወይስ ከደቡብ አፍሪካ የሚለውን ነበር፥ ለማያውቁት መንገደኛም ያስረዱ ነበር።

ሱሬይ በታውንተን ቢሸነፍም በዚያው ወር ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ሻኪብን ግን ያቺ አንዲት ጨዋታ ተከትላው ሄደች፤ ዳኞቹ አወራወሩ ሕጉን የተከተለ አይመስልም ብለው ስላመለከቱ፥ በዲሴምበር እንዳይወረውር ታገደ፥ በ2025ም እንደገና ተመርምሮ ተፈቀደለት። ሊች ደግሞ በኦክቶበር ከባሺር ጋር ወደ ፓኪስታን ተወስዶ በሦስት ጨዋታ 16 መቺዎችን አስወጣ። ይህን በጋዜጣ ባነበብን ጊዜ፥ ባለ ፖሙ ሽማግሌ ለእመቤቲቱ ምን እንዳሏቸው መገመት አላቃተንም።