የባልንጀራዬ ቋጠሮ

ሰው ከባልንጀራው ጋር ብዙ ዘመን በአንድ ማዕድ ሲቆርስ ኖሮ ባልንጀራውን ሳያውቀው ሊቀር እንደሚችል የተረዳሁት ዕድሜዬ ከአምሳ ካለፈ በኋላ ነው። የተረዳሁትም በቤቴ ተቀምጬ ሳይሆን በፎገራ ረግረግ መካከል፥ እስከ ጉልበቴ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ነገር ግን ቤተ ሰብ ላለው ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ሳልደብቅ ጻፍሁት።

እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ በልጅነታችን በአንድ ትምህርት ቤት የተማርን ነን። አንደኛው መምህር፥ ሁለተኛው የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ፤ እኔም ዘመኔን በመሬት ቅየሳ ሥራ አሳለፍሁ። በ2010 ዓ.ም. የጥምቀትን በዓል በጎንደር ካከበርን በኋላ፥ ከደብረ ታቦር ተነሥተን በእግራችን እስከ ጣና ዳር ለመውረድ ተስማማን። ዐሳቡን ያመጣው መምህሩ ነበር። “ከጉና የሚነሣው ውሃ ጣና እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበትን አገር በመኪና መስኮት ብቻ አይተን አንሙት” አለን። እውነትም ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ተነሥተው፥ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ።

ሰኞ ጥር 14 ቀን በማለዳ ጓዛችንን በጀርባችን አዝለን ተነሣን። ድንኳን፥ ብርድ ልብስ፥ በሶ፥ ቆሎና ድርቆሽ ይዘናል። ካርታ ማንበብ የኔ ሙያ ስለሆነ መንገድ መምራቱም ጓዝ ማከፋፈሉም ለኔ ተሰጠ። እኔም ሹመቱን ሳልግደረደር ተቀበልሁ።

የመጀመሪያውን ቀን በዓለም ሳጋ ደን ስናልፍ ዋልን። ወይራውና ብሳናው ጥላ ሠርቶ፥ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ሲያዩን፥ ሦስት ሽማግሎች መሆናችንን ረስተን እንደ ተማሪ እንሳሳቅ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ባልንጀራችን ግን ከመብል በፊት ከእኛ ጥቂት ፈቀቅ ይል ነበር። እኛም ጸሎት የሚያደርስ መስሎን ምንም አልጠየቅነውም።

ሲመሽ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደረስን። በዙሪያዋ ያለው አገር ሁሉ ታርሶ ሳለ እርሷ ብቻ በጥቅጥቅ ደን ተከብባ ቆማለች። ከቅጥሩ ውጭ ድንኳናችንን ተክለን ስናርፍ አንድ አረጋዊ ቄስ መጥተው እንግድነታችንን ጠየቁን። ከእርሳቸው ጋር በደኑ ዳር ስንዘዋወር፥ ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር የተጠላለፈውን እሾህና ቁጥቋጦ አይቼ፥

“አባታችን፥ ይህን ጥሻ ብታስመነጥሩት ለእግር በተመቸ፥ ለዓይንም ባማረ ነበር” አልኋቸው።

እርሳቸውም ምንም ሳይመልሱ በበትራቸው ቁጥቋጦውን ገለጥ አደረጉት። በመካከሉ ቁመቷ ከስንዝር የማይበልጥ የወይራ ችግኝ ቆማለች።

“ልጄ፥ ይህን እሾህ ብንመነጥረው ከአንተ እግር በፊት የፍየል አፍ ይደርሳል” አሉኝ። “ትልቁን ዛፍ ያየ ሁሉ ያደንቃል። ተተኪውን የሚያሳድገው ግን ይህ አንተ ጥሻ ያልኸው ነው።”

ቄሱ የተናገሩት በሊቃውንትም የተመረመረ ነገር ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጽሑፍ፥ በእነዚያ ጥቂት ቦታዎች ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ እንዳለ ገልጸዋል። የብዙዎቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ አይቆይም፤ ስለዚህ ደኑ አንድ ጊዜ ከጠፋ ከመሬቱ ተመልሶ አይበቅልም። ከብት ገብቶ ቡቃያውን ከረገጠና ከጋጠ ደግሞ ያረጀው ዛፍ ያለ ልጅ ይቀራል። ስለዚህም ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፥ ካህናቱና ምእመናኑ በደኖቻቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ ረድተዋል። ድንጋዩ ከየእርሻው ስለሚለቀም ገበሬውም ማሳው ይጠራለታል።

ይህን ሁሉ ሰማሁ፥ አደነቅሁም። ነገር ግን የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ እንደ ነበር ከሁለት ቀን በኋላ ታወቀ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ወረድን። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው የጣና ውሃ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፥ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ተቀበለን፤ ጉልበታችንም ዛለ። ወረታን አልፈን በረግረጉ ዳር ከሚኖር አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ባለቤቱ እግራችንን አሳጥቦ፥ እራት አብልቶ፥ “እንግዳ የእግዜር ነው” እያለ መደቡን ለቀቀልን።

ረቡዕ በማለዳ በውሃ ውስጥ መሄድ ስለሚኖርብን ጓዙ እንዲቀል አዘዝሁ። ድንኳኑና ብርድ ልብሱ በባለቤቱ አህያ በደረቁ መንገድ ዞሮ ናበጋ እንዲጠብቀን ተነጋገርን። የየአንዳንዱን ቦርሳ እየከፈትሁ ስመረምር ከሒሳብ ሠራተኛው ጓዝ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የታሰረች አንዲት ቋጠሮ አገኘሁ። ብፈታት ከረሜላ፥ ስኳርና ብስኩት ሆና ተገኘች።

“ሽበት ያወጣ ሰው እንደ ሕፃን ከረሜላ ይዞ ይዞራልን? ያውም በረቡዕ!” ብዬ ሳቅሁ። የቤቱ ልጆች በደጅ ቆመው ያዩ ስለ ነበር ቋጠሮዋን እንዳለች ሰጠኋቸው። ልጆቹ ደስ አላቸው፥ መምህሩም ሳቀ። ባልንጀራዬ ግን አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ቀጥዬ፥ “እስከ ስድስት ሰዓት እህል እንዳንቀምስ” አልሁ። ሁላችንም እሺ አልን። እርሱም እሺ አለ።

መንገድ የሚመራን አንድ ወጣት እረኛ ነበር። የፎገራ ሜዳ በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ በውሃ ይሸፈናል። በጥር ወር ውሃው ሸሽቶ ሸሸርና ወላላ በሚባሉት ጉድጓዳማ ቦታዎች ተኝቶ ይቀራል። በዳር በዳሩ ሩዝ የታጨደበት ማሳ አለ፤ ሩዝ በዚያ አገር መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ውሃው በለቀቀው ጭቃ ላይ ሽምብራና ጓያ አረንጓዴ ሆኖ በቅሏል። ከዚያ ወዲያ ሣርና ውሃ ብቻ ነው። ከሰሜን አገር ብርድ ሸሽተው የመጡ፥ እግራቸውና አንገታቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች በመቶ እየሆኑ ሲነሡ ሰማዩ በጩኸታቸው ይሞላል።

እኔ ግን በቀያሽ ዓይን እያየሁ ለእረኛው፥ “ይህ ሁሉ መሬት በከንቱ ተኝቷል። ቦይ ተቆርጦ ውሃው ቢወጣ ስንት እርሻ በሆነ!” አልሁት።

“ጋሼ፥ ውሃው ከወጣ ከብቱ በበጋ ምን ሊጠጣ ነው?” አለኝ። “አምባዛውም በክረምት ከጣና ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው እዚህ ነው።” ስለዚያ አገር ከኔ ካርታ ይልቅ እርሱ የሚያውቀው ይበልጥ እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። በዚያን ሰዓት ግን ፈገግ ብዬ አለፍሁ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን ወደ ኋላ ብመለከት ባልንጀራዬ በጣም ርቆ ቀርቷል። ብጣራ አልመለሰልኝም። “በቋጠሮው ተቀይሞ ነው፤ ይተወው፥ ሲበርድለት ይመጣል” ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። ይህን ቃል ባስታወስሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ አፍራለሁ። መምህሩ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶም እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእርሱ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ ጠራኝ።

ስደርስ ባልንጀራችን በውሃው መካከል ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ፊቱን ላብ አጥምቆታል፤ የሚናገረውም የተዘበራረቀ ነው። እኔ ብርድ ወይም ወባ መሰለኝ። የመምህሩ እናት ግን የስኳር በሽታ ነበረባቸውና መምህሩ ምልክቱን ያውቀዋል። “ወንድሜ፥ መርፌ ትወስዳለህን?” ብሎ ቢጠይቀው በራሱ ንቅናቄ አዎን አለ።

“ጣፋጭ ነገር! ስኳር ያለው ማነው?” አለ መምህሩ።

ስኳር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያንንም በማለዳ የበተንሁት እኔ ነኝ። የሦስታችንንም ቦርሳ ገለበጥን፤ በሶና ቆሎ እንጂ ቶሎ የሚያድን ነገር አልተገኘም። እረኛው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ውሃውን እየረጨ በዳር ወደሚታየው ጎጆ ሮጠ። እኛም ባልንጀራችንን ደግፈን ወደ አንድ ደረቅ ጉብታ አወጣነው። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እኔ እጁን ይዤ ተቀምጬ፥ ለልጆቹ ምን ብዬ እንደምናገር ሳስብ ነበር።

እረኛው አንዲት እናት አስከትሎ መጣ። በቅል ማርና ውሃ ይዘው፥ ብርዙን በጣታቸው እየበጠበጡ በዝግታ አጠጡት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ሲያልፍ ዓይኑ ጠራ፤ ስማችንንም ጠራ። ከዚያም ወደ ጎጆአቸው ወስደው እንጀራ አቀረቡለት፤ ወተትም ቀድተው ጥቂት አመነቱና፥ “ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ቢሆንም ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ጠጣ ልጄ” አሉት። እርሱም ጠጣ።

ማታ ናበጋ ደርሰን እሳት ዳር ስንቀመጥ ነገሩን ሁሉ ገለጠልን። በሽታው ከያዘው ዐራት ዓመት ሆኖታል። ከመብል በፊት ፈቀቅ ይል የነበረው ለመርፌው ነው። የንስሐ አባቱ ከጾም ፈትተውታል፤ ነገር ግን በኛ ፊት መብላት አፈረ። በዚያም ማለዳ መርፌውን ወስዶ፥ ብስኩቱን በመንገድ ተደብቆ ሊበላ ዐስቦ ነበር።

“ታዲያ ቋጠሮዋን ስበትን ስለ ምን አልተናገርህም?” አልሁት።

“ስትስቅ ጊዜ አፈርሁ” አለኝ።

ምንም የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፥ “እኔም በመደበቄ እናንተን በድያለሁ፤ ሞቼ ቢሆን ኖሮ የኔን ሞት አንተ ተሸክመህ ትኖር ነበር” አለ። መምህሩም ያን ዕለት ሁለታችንንም አልማረንም። አንዱን በመሳለቁ፥ ሌላውን በመደበቁ ገሠጸን፤ መምህርነቱም ያን ጊዜ ጠቀመን።

ሐሙስ ጧት ከጣና ዳር ደረስን። ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳቸው ከሸምበቆው መካከል ሲወጡ አየን። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ በዙሪያው ያለው ረግረግ እየታረሰ ከቀድሞው እጅግ ጠብቧል። ባልንጀራዬ ከመንደሩ ሱቅ ስኳርና ብስኩት ገዝቶ በዚያው ነጭ ጨርቅ ቋጥሯል። ከቋጠሮው ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልሎ፥ “ይህን አንተ ያዝልኝ” ብሎ ሰጠኝ። ከተቀበልኋቸው ስጦታዎች ሁሉ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ወደዚያ አገር አልተመለስንም። ያን አረጋዊ ቄስ፥ እረኛውንና የማር ውሃ ያጠጡንን እናት ሰላም ይጠብቃቸው ዘንድ እንጸልያለን።

ውድ አንባብያን፥ ከዚህ ጉዞ ሁለት ነገር ይዤ ተመለስሁ። አንደኛው ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚሆን ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ሲዘገይበትና ሲደክም፥ በደሙ ያለው ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፥ መንቀጥቀጥና የንግግር መዘበራረቅ ምልክቶቹ ናቸው። መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ወይም ማር በውሃ በጥብጦ ፈጥኖ መስጠት ይገባል፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሕመምተኛውም ሕመሙን ከመንገድ ጓደኞቹ አይደብቅ።

ሁለተኛው ለራሴ የሚሆን ነው። ከዛፉ ሥር ያለውን ጥሻ፥ በሜዳው የተኛውን ውሃ፥ በባልንጀራዬ ጓዝ ያለችውን ቋጠሮ፥ ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከንቱ ብዬ ነበር። ሦስቱም ሕይወት ይዘው ነበር። ዛሬ በቤቴም ሆነ በመንገድ፥ የሰው ሸክም የበዛ ሲመስለኝ ከመጣሌ በፊት፥ “ይህ ለምንህ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። የሚወደኝ ሰው ዝም ሲለኝም ቂም ነው ከማለቴ በፊት ተመልሼ ፊቱን አያለሁ።