የኮርኒስ እድፍ

ሰው የቤቱን ግድግዳ በየዕለቱ ያያል፤ ቀና ብሎ ኮርኒሱን የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን የጣራ ሕመም አስቀድሞ የሚታወቀው በኮርኒሱ ነው።

በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ባለ ቤት በእናቱ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ አየ። ዕንቍጣጣሽ ቀርቦ ነበርና እንግዳ እንዳያይበት ነጭ ቀለም ቀባው። በሚመጣው ክረምት እድፉ ቀለሙን ሰርስሮ ወጣ፤ ዙሪያውንም ቡናማ መስመር እንደ ቀለበት ተደራርቦ ከበበው። ሰውየው ዳግመኛ ቀባው። እናቱም አንዳች ሳይናገሩ አልጋቸውን ፈቀቅ አደረጉ።

በ3ኛው ዓመት፥ በነሐሴ፥ ኮርኒሱ ውኃ አዝሎ እንደ አቁማዳ ወደ ታች ተወጠረ። አናጢም ተጠራ። እርሱም አስቀድሞ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፤ አልጋውን አስወጣ፤ ባልዲ ከሥር አኑሮ፥ ራሱ ወደ ጎን ቆሞ፥ የተወጠረውን በምስማር ወጋው። ውኃው ፈሶ ካለቀ በኋላ ወደ ጣራው ወጣ። ከእድፉ በላይ ያለው ቆርቆሮ ደኅና ነበር፤ ቀዳዳው የተገኘው 3 ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፥ ምስማሩ ላልቶ ጎማው በተሰነጠቀበት ስፍራ ነው። ውኃው በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ኖሯል። ነገሩ እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ከታች ይታያል፥ ወርቁ ግን ወዲያ ተሰውሮ ይገኛል።

አናጢው ሌላም ነገር አስረዳ። ዝናብ በዘነበ ቍጥር የሚረጥብ ኮርኒስ ጣራው ማፍሰሱን ያመለክታል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳም ማለዳ የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ ግን፥ የቤቱ እንፋሎት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ጤዛ ሆኖ ነውና መድኃኒቱ አየር እንዲወጣ ማድረግ ነው። በምስማር ሲነኩት የሚሰምጥ እንጨት በስብሷልና ይለወጣል፤ የሻገተ ችፑድም ይነሣል። ቀለም የሚቀባው ቀዳዳው ተደፍኖ ሁሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ የዘይት ቀለም፥ የውኃ ቀለም ብቻውን እድፉን አይሸሽግምና። ጣራም የሚፈተሸው በግንቦት እንጂ በነሐሴ አይደለም።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ልጁ፥ «እማዬ፥ ሲያፈስብዎ ስለ ምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«ልጄ፥ ስትቀባው አይቼ ያወቅህ መስሎኝ ነው» አሉት።

ባለ ቤቱም የሚመልሰው ቃል አላገኘም። አልጋውን አንሥቶ ወደ ቀድሞው ስፍራ መለሰላቸው፤ ከዚያም ወዲህ ግንቦት በመጣ ቍጥር ከቀለሙ በፊት መሰላሉን ያወጣል።