ሦስተኛው ዘፈን

የልጅ ልጄ ሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዘንድሮ የፈተናው ማብቂያ ከበዓል ጋር ገጥሞለት ለገና ደብረ ታቦር ከእኛ ዘንድ መጣ። የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እንግዶች ሸኝተን ቡና እየተፈላ ሳለ፣ «አባባ፣ ይቺን ይዩልኝማ» ብሎ ስልኩን አቀበለኝ።

ቪዲዮው የትምህርት ክፍሎች እግር ኳስ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ተማሪው የሜዳውን ተዳፋት ሞልቶታል። ጀሪካን እንደ ከበሮ ይመታል። ከፊት ቆሞ የሚያወጣው የእኔው ልጅ ነው፤ ሌላው ይቀበለዋል። ዘፈኑ በሙሉ ያነጣጠረው በተጋጣሚው በረኛ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው በረኛው ኳሷ በግራ ስትገባ በቀኝ መውደቁን የሚመለከት ነው። አውቶቡስ ከሄደ በኋላ መናኸሪያ በሚደርስ መንገደኛ ይመስለዋል። ሳቅኩ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጋቢዬ ከትከሻዬ እስኪወርድ ነው የሳቅኩት። ሁለተኛው፣ ካፌ ሰልፍ ላይ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ኳስ ላይ ለምን ትዘገያለህ የሚል ነው። እሱንም ወደድኩት። ሦስተኛው ግን የልጁን እናት የሚያነሳ ሆነ። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ገበያ አውጥታ ያልተሸጠላትን ገል ለጎል ጠባቂነት ላከችልን ይላል። ተዳፋቱ በሳቅ ተናወጠ። ስልኩ ወደ ጎሉ ዞር ሲል፣ በረኛው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

«እናቱ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ማን ነገራችሁ?» አልኩት።

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አንድ ዶርም ነን» አለኝ።

«እሱ ነው የነገረህ?»

«አንደኛ ዓመት እያለን። ማታ ስንጫወት።» ከዚያ ሳልጠይቀው፣ «እናቱ የምትልክለትን በሶ አብረን ነው የምንበጠብጠው» ብሎ ጨመረ።

ባለቤቴ ቡና ልትቀዳ ያነሳችውን ጀበና መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ ቃል ከማንም አልወጣም፤ ሁለተኛውን ጀበና ሳንጠጣ ያደርንበት የገና በዓል ይኸኛው ብቻ ይመስለኛል።

አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው፣ እኔ በጨዋታ ላይ ፉከራና ልግጫ ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ያደግኩት በገና ጨዋታ ነው። በእኔ ልጅነት ታኅሣሥ 29 ቀን ቅዳሴ ከወጣ፣ ከተፈሰከ በኋላ፣ መንደሩ ሁሉ መስክ ይወርዳል። ቆልማማ ዱላ የያዘ፣ ጎልማሳውም ጎረምሳውም በሁለት ወገን ተከፍሎ ሩሯን ወዲያና ወዲህ ይጠልዛታል። አሰልጣኝ የለ፣ የደንብ ልብስ የለ፤ ቅልጥሙ የተመታ ያነክሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ያሸነፈው ወገን ግጥም ማውጣት ይጀምራል። የተሸነፈው ሊሰማ ግዴታው ነው።

የዚያን ዕለት ባላባትና ጭሰኛ አንድ ነው። በዓመቱ ሙሉ ቀና ብለን የማናያቸውን ሰው በስማቸው ጠርተን እንለግጥባቸዋለን፤ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ሁሉም ያውቃል። እኔ ራሴ አንድ ሆዳቸው ገፋ ያሉ የመሬት ጌታ ላይ ያወጣሁት ግጥም እስካሁን ከአፌ አልጠፋም፦

ሩሯ ስትሾልክ በእግራቸው መካከል፣
ጌታው መች አዩዋት ሆዳቸው ሲከልል።

ሰውየው በሳቅ እንባቸውን ጠርገው አንድ ብርሌ ጠጅ ሰጡኝ። በማግስቱ መንገድ ላይ ሳገኛቸው እጅ ነሥቼ አለፍኩ። የሆነው ነገር መስኩ ላይ ቀርቷል።

ሽማግሌዎቹ ድንበሩን በወረቀት አልጻፉትም፤ ግን ነበረ። ሆድ ይነሳል፣ ፈሪነት ይነሳል፣ ለድግስ እጅ ማሳጠር ይነሳል። ጮሌ አውጪ የሚባለው የዚያን ቀን ጨዋታ አይቶ፣ ከዚያው ከጨዋታው ግጥም የሚያወጣ ነበር። እስከዚህ ድረስ ስናገር ያለፈው ዘመን ሁሉ መልካም ይመስላል። የዘመኔ ሰዎች እንዲህ ስናወራ ልጆቻችን ዝም ብለው ያዳምጡናል፣ እኛም የራሳችንን ጉድ ዘለን እናልፋለን።

የራሴ ጉድ እንዲህ ነው። ዘመኑ 1965 ዓ.ም. ሲሆን እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ጋፋት አጠገብ ካለው መስክ ላይ የተጋጠመን ወገን ውስጥ የአንጥረኛ ልጅ ነበረ። እድሜ እኩያዬ ነው። በሩጫ ማንም አይደርስበትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቀን ውሎ በመጨረሻ እኛ አሸነፍን። ግጥም አውጪው እኔ ነበርኩ። የምለው ሲያልቅብኝ፣ ሰው እየጠበቀኝ መሆኑ ሲያስጨንቀኝ፣ ይህ ልጅ ቀን እንዲህ የሚሮጠው ማታ ማታ በአራት እግሩ ስለሚለማመድ ነው አልኩ። የእኛ አገር ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚል ወሬ ከእናት ጡት ጋር የጠባን ነን።

መስኩ በሙሉ ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ። ልጁ ዱላውን አልወረወረም፣ አልተሳደበም። ዱላውን ሣሩ ላይ በቀስታ አጋድሞ ሄደ። ለሚቀጥለው ገና አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። «ለምን ቀረ?» ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ግንቦት ላይ አባቴ ማረሻ አስመታ ብሎ ወደ አባቱ ቤት ላከኝ። ወናፉን የሚነፋው ያ ልጅ ነበር። አባትየው ማረሻውን እስኪቀጠቅጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፊት ለፊት ተያየን። ሲያልቅ በውሃ አቀዝቅዞ ያቀበለኝ እሱ ነው። «ደህና ዋል» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ያ ማረሻ ሁለት ክረምት አርሶልናል።

ይህ የሆነው ጋፋት መሆኑ ነው ኋላ ላይ ሲያሳፍረኝ የኖረው። ልጆች ትምህርት ቤት እንደሚማሩት፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያን የነበሩትን የአውሮፓ ባለ እጆች ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር አሠፍረው መድፍ ያሠሩት እዚሁ ነው። ሴባስቶፖል ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል ይባላል፤ ከዚህ ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ትከሻና በገመድ እየተጎተተ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ምስሉ ቆሟል። እንግዲህ በመድፉ የሚኮራው አገር፣ ብረቱን የሚያቀልጠውን ሰው ጅብ ነው ይል ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ በተነገረ በ65ኛው ዓመት እኔ መስክ ላይ ቆሜ ያንኑ ስድብ በግጥም አወጣሁ፤ ይኸው ከእኔ በኋላ ደግሞ የልጅ ልጄ በጀሪካን ከበሮ አጀበው። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አስተምረነው አናውቅም። ወይም እንደዚያ መስሎን ነበር።

አሁን ስቴዲየም ገብቶ የሚያውቅ ወላጅ የምለውን አይስተውም። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ሲገናኝ ግማሹ ደስታ ያለው ዝማሬው ላይ ነው። ያለ እሱ ኳሱ ብቻውን ጨው የሌለው ወጥ ነው። ግን ዘፈኑ ከሰውየው ጨዋታ ወጥቶ ወደ ሰውየው ዘር፣ እናት፣ ትውልድ አገር ሲሻገር ማንም በቀላሉ አይመልሰውም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያና መቐለ ከተማ ሊያደርጉት የነበረው ጨዋታ በከተማው በተነሣ ግጭት ሳይካሄድ ቀርቷል። ያን ጊዜ ኳስ ሜዳ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል አይተናል፤ ዝርዝሩን እዚህ አላነሳውም።

ሌሎች አገሮች ደንብ አውጥተውለታል። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ጀምሮ፣ ኳስ ይዞ ወደ መስመሩ የሚሮጥ ተጫዋች ከማለፉ በፊት ዞር ብሎ ተጋጣሚውን ካላገጠበት ነጥቡ ይሰረዝበታል። በእግር ኳስም የሚሳደብ ተጫዋች ቀይ ካርድ ያያል። እነዚህ ሁሉ ግን ለተጫዋች ናቸው። ተዳፋቱ ላይ ጀሪካን ለሚመታው ዳኛ የለውም፤ ያለው እቤት ነው።

ከዚያ ምሽት በፊት ልጆቼ ከጨዋታ ሲመለሱ የምጠይቀው «ስንት ለስንት?» ብቻ ነበር። «ምን ብላችሁ ዘፈናችሁ?» ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ይዤው በእግር ወደ ጋፋት ወጣን። ጉና ጥርት ብሎ ይታያል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የማረሻውን ታሪክ የነገርኩት እዚያ ነው፤ ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም። ስለ ደራርቱም አነሳሁለት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ፣ መስመሩን አልፋ ሁለተኛ የምትገባውን ቆማ ጠበቀቻት፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። እሱ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። ታሪኩን ያውቀዋል፤ «በቪዲዮ አይቼዋለሁ» አለኝ። የእሱ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር።

«ይቅርታ ጠይቀውት ነበር?» አለኝ።

«ማንን?»

«የአንጥረኛውን ልጅ።»

«አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

መልስ ስፈልግ ቆየሁ። «ማረሻው ተሠርቶልኝ ነበር» አልኩት። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

እዚያው ቆሞ ለበረኛው ደወለ፤ አልተነሣም። እንደገና ደወለ። ከዚያ መልእክት ሊጽፍ ጀምሮ አጠፋው። እቤት ስንመለስ አያቱ «በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ሄደህ ፊቱን እይ» አለችው። እሷ ከእኔ ትሻላለች።

ወደ ትምህርቱ ከተመለሰ በሳምንቱ ደወለልኝ። በረኛው ከበዓሉ በፊት ዶርም ቀይሮ ኖሯል። ፈልጎ አገኘውና በር ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀው። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ፣ «ዘፈኑን የሰሙት ሁሉ አብረውህ መጥተዋል?» አለው፤ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።

«አባባ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ወዲያው የምመልስለት አልነበረኝም። አያቱ ስልኩን ተቀብላ፣ ልጁን ተወው፣ አሁን ብታስቸግረው ራስህን ለማስደሰት ነው የሚሆነው አለችው። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ስድቡ በተዳፋቱ ፊት ከሆነ ይቅርታው ዶርም በር ላይ ሊያልቅ አይችልም። እኛ ሁለታችን በዚህ ጉዳይ እስካሁን እንከራከራለን፤ ጎረቤትም ገብቶበታል።

ልጁ ግን የእኛን ፍርድ አልጠበቀም። ባለፈው እሑድ እንደነገረኝ፣ ሁለቱ ትምህርት ክፍሎች ቅዳሜ እንደገና ይገናኛሉ። ጓደኞቹ አውጪ አንተ ነህ ብለውታል። እሱም ጨዋታው ሳይጀመር ተዳፋቱ ፊት ቆሞ የሚናገረው እንዳለው፣ ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይምታ ብሎ እንደመለሰላቸው አጫወተኝ። ሁለቱ ስቀውበታል፤ አንዱ «አብሬህ እቆማለሁ» ብሎታል።

«በረኛው አሁንም እሱ ነው?» አልኩት።

«እሱ ነው» አለኝ።