የአሮጌ ትራክተር ዓመልና ሕመም

በሬ ገዢ ገበያ ወጥቶ የሚያደርገውን የማያውቅ የለም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳብሳል፤ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል፤ ከዚያም በኋላ ሻጩን «ዓመሉ እንዴት ነው?» ሲል ይጠይቃል። ሲጠመድ ጥቂት የሚያንገራግር በሬ ዓመለኛ ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም፤ ጌታው ዓመሉን ዐውቆ ያርስበታል። ሳንባው የታመመው በሬ ግን ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን ለአንድ ክረምት አይበቃም። ያገለገለ ትራክተር የሚገዛ ሰውም ይህንኑ ልዩነት ማወቅ ይገባዋል። ነገር ግን የበሬውን ጉዳይ ከአባቱ የተማረ ገበሬ የብረቱን ጉዳይ የሚያስተምረው ስለሌለው ሻጩ የነገረውን አምኖ ይመለሳል።

በአርሲና በባሌ የስንዴ ሜዳ ትራክተር በርከት ብሎ መታየት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1960 ዓ.ም. በአሰላ የተቋቋመው፥ በአጭሩ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባለርስቱ የስንዴውን ትርፍ ባየ ጊዜ ትራክተር እየገዛ ጭሰኛውን ከማሳው ማስነሣት ያዘ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ትልልቁ እርሻ ከነመሣሪያው ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ዛሬ አሮጌ ትራክተር ፍለጋ የሚዞረው ሰው ብዙውን ጊዜ የዚያ ጭሰኛ የልጅ ልጅ ነው፤ የሚከፍለውም ከባንክ ያወጣውን ትርፍ ገንዘብ ሳይሆን የሸጠውን ከብት ነው።

ከዘመዶቻችን ወገን የሆኑ ሦስት ወንድማማቾች በሬዎቻቸውንና የሁለት ዓመት ስንዴያቸውን ሸጠው ማሴይ ፈርጉሰን 135 ሊገዙ ተነሡ። ይህ ዓይነት ትራክተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1964 እስከ 1975 ድረስ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ነው፤ የብዙዎቹም ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ነው። ታላቅየው «ጋሼ፥ እስቲ አብረውን ይምጡና ይዩልን» ስላለን ከመካኒክ ወዳጃችን ጋር ተከተልናቸው።

በመጀመሪያው ግቢ የቆመው ትራክተር አዲስ ቀይ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅቶ ነበር። ወዳጃችን ቀለሙን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ እጁን በሞተሩ ላይ አሳረፈና «ሞቋል» አለ። እኛ ከመድረሳችን በፊት ተነሥቶ ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ስለዚህ እስኪቀዘቅዝ እንቆያለን አልን። ሻጩ ደስ ባይለውም ቡና አስፈላልን። ወደ ቀትር ገደማ ሲነሣ ሞተሪኖው ብዙ ካለቀሰ በኋላ ሰማያዊ ጢስ ግቢውን ሞላው። ሻጩም «ጠባይዋ ነው፤ ስትነሣ ትንሽ ታጨሳለች» አለ። (ሻጮች ትራክተሩን «እርሷ» ማለት የሚጀምሩት ይቅርታ ሊለምኑላት ሲሉ መሆኑን በዚያ ቀን አስተዋልን።)

ጢስ ግን የራሱ ቋንቋ አለው። በብርድ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ የሚወጣ ነጭ ጢስ ያልነደደ ናፍጣ ነውና ዓመል ነው። ከባድ ሲጎተት የሚታይ ጥቁር ጢስም ብዙ ጊዜ ከአየር ማጣሪያው መዘጋት ወይም ከናፍጣው መብዛት ስለሚመጣ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ሰማያዊው ጢስ ግን የሞተር ዘይት መቃጠሉን ይናገራል፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልተቋረጠ ፒስተንና ሲሊንደሩ ተበልተዋል። ወዳጃችን የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍተው በቀዳዳው ትንፋሽ እንደ ማሰሮ እንፋሎት እየገፋ ወጣ፤ በመለኪያው ላይ ያለው ዘይትም ወተት እንደ ገባበት ቡና ነጥቶ ነበር። ይህ ውሃ ከዘይት ጋር መቀላቀሉ ነው፤ ምክንያቱም የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ብረት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ይህንንም ጠባይ ሊለው ሲጀምር ታናሽየው ወንድም ሳቀበት፤ እኛ ግን መሳቅ አልሆነልንም፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ገዢ ቀለሙን ብቻ አይቶ ገንዘቡን ይቈጥር ይሆናል።

ሁለተኛው ትራክተር ቀለሙ የተላጠ፥ መቀመጫው በገመድ የታሰረ፥ ሲያዩት የማያስደስት ነበር፤ ዓመሉም ብዙ ነው። የማርሽ ዘንጉ በተወሰነለት ቦታ ካልቆመ ሞተሪኖው ንቅንቅ አይልም። ቁልፉ ቢዘጋም ሞተሩ አይቆምም፤ ናፍጣውን የሚዘጋው እጀታ መሳብ አለበት። ፍሪሲዮኑ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጎማው ይቆማል፥ ከኋላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ታናሽየው ይህን ሁሉ ሲያይ «የተበላሸ ነው፥ እንሂድ» አለ፤ ሆኖም ሁሉም ፋብሪካው አስቦ የሠራው እንጂ ብልሽት አይደለም። ከዚያ ቀደም በነበረው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1946 እስከ 1956 በተሠራው ፈርጉሰን ደግሞ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሃይድሮሊኩ ኃይል አብሮ ይቋረጣል፤ ይህን ሳያውቅ ፖምፓው ሞቷል ብሎ ደኅናውን ትራክተር ትቶ የሚሄድ አለ።

የካምቢዮው ዘይት በዚህኛውም ነጥቶ ብናገኘው ልባችን ደነገጠ። ወዳጃችን ግን የማርሽ ዘንጉን ላስቲክ አሳየን፤ ተቀዶ ዝናብ ሲያስገባ ኖሯል። በሞተር ውስጥ ሞት የሚያመለክተው ያው መልክ እዚህ ላስቲክ ለውጦ፥ ዘይቱን አፍስሶ አዲስ በመሙላት የሚድን ነው። ስለዚህ የዘይቱን መልክ ማየት ብቻውን አይበቃም፥ ከየት እንደ ተቀዳ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማረሻ አንጠልጥለን ሃይድሮሊኩን ስንሞክረው እጆቹ ሳይንቀጠቀጡ ቆሙ፤ በጭነት ሲሄድም ማርሹ አልዘለለም። የሰዓት ቈጣሪውን አላየነውም፤ እንዲህ ባለ ዕድሜ እርሱን የሚያምን ሰው የዋህ ነው። ይልቅስ የፔዳሎቹን መበላትና የመጎተቻውን ቀዳዳ መስፋት ተመለከትን፤ የሞተሩንና የሻንሲውንም ቍጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየን።

ያስቸገረን አንድ ነገር ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቤት ሥር ኮፒሊያ የተሰካባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእርሷ ዘይት ይንጠባጠብ ነበር። ጥቁር ከሆነ ከሞተሩ፥ ነጣ ያለ ከሆነ ከካምቢዮው ነው፤ ይህኛው ጥቁር ነበር። ማኅተሙን ለመለወጥ ትራክተሩን ከመካከሉ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል፤ ማኅተሙ ርካሽ ነው፥ ድካሙ ግን ብዙ ነው። ይህ ዓመል ነው ወይስ ሕመም? ወዳጃችን ጠብታውን በሰዓት ቈጠረና «ከአጨዳ በኋላ ይደረሳል፤ ዋጋው ላይ ግን ይታሰብ» አለ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ፤ በመጨረሻም የማኅተሙ ወጪ ከዋጋው ተቀነሰ።

ሻጩ ያልነገረን፥ ምናልባትም የማያውቀው አንድ ዓመል ደግሞ ነበር። ከዚህ ትራክተር አንዳንዱ መልቲ ፓወር የሚባል፥ ማርሹን እየሄዱ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት እጀታ አለው፤ ይህም አለው። እጀታው በዝቅተኛው ቦታ ሳለ ቁልቁለት ሲወረድ ሞተሩ ጎማውን አይዝም፥ ትራክተሩ በነጻ ይንደረደራል፤ ከኋላው ጋሪ ከተጫነ ፍሬን ብቻውን አያቆመውም። ብልሽት አይደለም፥ ሰው ግን ይገድላል። ወንድማማቾቹ ቅጥር ሾፌር እንደሚያስነዱት ስለምናውቅ አስጠነቀቅናቸው። በሳምንቱ ስንሄድ በግራው የጎማ መከለያ ላይ በነጭ ቀለም «ቁልቁለት በከፍተኛው ብቻ» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው፤ ከቀዳዳዋም ሥር የቲማቲም ቆርቆሮ ተቀምጦ ነበር።