ፉጨት የሚቆጠርበት ማድ ቤት

ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ሁዳዴ ገባ። የተከራየኋት ክፍል ኮትሩድ በሚባለው ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤት ናት። ሴትዮዋን እንደ ሰፈሩ ልጆች «ካኩ» እላቸዋለሁ፤ በማራቲ አክስት እንደ ማለት ነው። ባለቤታቸው ካካ ናቸው። ኪራዩ እራትን ስለሚጨምር ገና ሰኞ ጠዋት «ካኩ፣ ጾም ይዣለሁ» ብዬ አስታወቅኋቸው። ፊታቸው በራ። «አንተም ትጾማለህ? በል ለእራት አታስብ!»

ማታ የቀረበልኝ ሳቡዳና ኪችዲ ነው፤ ከካሳቫ ሥር የሚሠራ ዶቃ የመሰለ ነጭ ፍሬ፣ ከድንችና ከተወቀጠ ለውዝ ጋር የበሰለ። በላዩ ቅቤ ያብረቀርቃል። በግራ እርጎ፣ በቀኝ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት። ይሄን ሁሉ ለእኔ ሲሉ ከጎረቤት ነው ያስመጡት፤ እነሱ ቤት ቅቤም ወተትም እንደማይገባ ኋላ ነው ያወቅሁት።

አፍሬ፣ እየተንተባተብኩ፣ የእኛ ጾም ወተትና ቅቤ እንደሚከለክል አስረዳሁ።

«ታዲያ ምን ትበላለህ?»

«ምስር፣ ሽሮ፣ አተር ክክ…»

ካኩ ወደ ካካ ዞሩ። ካኩ ራሳቸው ኤካዳሺ ይጾማሉ፤ ጨረቃ ስትሞላም ስትጎድልም በ11ኛው ቀን፣ በወር ሁለቴ። ያን ቀን እህልና ጥራጥሬ አይቀመስም፤ ወተትና ቅቤ ግን በደንቡ ይፈቀዳል። እኔ የምጾመውን ጾማቸው ይፈቅዳል፣ እሳቸው የሚጾሙትን እኔ እጠግባለሁ። «55 ቀን ሙሉ ምስር እየበላህ ምኑን ጾምከው?» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ዘይት አይከለከልም ስላቸው ደግሞ ጭራሽ ደነገጡ።

ለድንጋጤያቸው ምክንያት ነበራቸው። ካካ ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ሐኪማቸው ከዚያ ወዲህ አትክልት፣ እህልና ጥራጥሬ ብቻ እንዲበሉ፣ እሱም ያለ አንዲት ጠብታ ዘይት እንዲሠራ አዟል። ትእዛዙ ሕንድ ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ ቢማል ቻጄር የሚባሉ የዴልሂ ሐኪም «ዜሮ ኦይል» እያሉ ማስተማር ከጀመሩ ቆይተዋል። ከእሳቸው በፊት አሜሪካዊው ዲን ኦርኒሽ፣ በፈረንጆቹ 1990 ላንሴት መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ ስቡ እጅግ የተቀነሰ የአትክልት ምግብ የበሉ ሕሙማን የልብ ደም ሥራቸው ጥበት በመጠኑ መቀነሱን አሳይቷል። ሰዎቹ ግን ሲጋራም ትተዋል፣ እንቅስቃሴም ይሠሩ ነበር፤ ምስጋናውን ሁሉ ለዘይት አለመኖር መስጠት ይከብደኛል። እኔ የምመሰክረው ስለ ጣዕሙ ብቻ ነው።

የዚህ አገር ወጥ ነፍሱ ፎድኒ ነው። ዘይት ይግላል፣ ሰናፍጭ ይፈነዳል፣ ከሙን፣ ካሪ ቅጠልና ሂንግ የሚባለው ቅመም ይከተላሉ፤ መንገድ ላይ ሆነህ የማን ቤት ምሳ እንደ ደረሰ የምታውቀው በዚያ ሽታ ነው። ካኩ ዘይቱን ዘልለው ሌላውን ሁሉ ጠብቀዋል። ሰናፍጩን ደረቅ ድስት ውስጥ በትነው ክዳኑን ጫን ያደርጉታል፤ ባይከደን ዓይን ያወጣል። ፍንዳታው ሳሳ ሲል ከሙኑ ይገባል። ቀለሙ ሊለወጥ ሲል ግማሽ ጭልፋ ውሃ፣ ጭስስ! አምስት ሰከንድ ከዘገዩ ያርራል። ሁለት ጊዜ ሲያርርባቸው አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያለ ቃል ደፍተው እንደገና ጀመሩ።

የእርግብ አተር ክኩ የሚበስለው በኩከር ነው፣ በእንፋሎት ግፊት በሚያፏጨው ድስት። ካኩ ሰዓት አያዩም፣ ፉጨት ይቆጥራሉ። ሩዝ ሁለት፣ ክክ ሦስት፣ የተዘፈዘፈ ሽንብራ ስድስት። ተከታታይ ድራማ እያዩ፣ ስልክ እያወሩ፣ ከጎረቤት እየተጨቃጨቁ ቁጥሩ አይጠፋባቸውም። የምግብ ደብተራቸው ውስጥ ደቂቃ የሚል ቃል የለም።

እኔን የማረከኝ ግን ባክሪ ነው፣ የማሽላ ቂጣ። ማሽላ ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ በጥንት ዘመን ወደ ሕንድ የተሻገረ እህል ነው፤ ካኩ ግን የክልላቸው የማሃራሽትራ ልጅ መሆኑን አይጠራጠሩም። ዱቄቱን በፍል ውሃ ያሹታል፤ ካልሆነ ይሰነጠቃል። በመዳፍ ጠፍ ጠፍ አድርገው ያሰፉታል፣ ምጣዱ ላይ እንደ ጣሉት ፊቱን በውሃ ያብሱታል፣ ገልብጠው መጨረሻ ላይ ለእሳቱ ይሰጡታል። ያብጣል። ከባሪት፣ በእሳት ተጠብሶ ከተደቆሰ ብርንጃል ጋር ስበላው ዘይት የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼ ነበር።

ሁሉም አይሳካም። ባሚያ ያለ ዘይት ዝልግልግ ብሎ ቀረ፤ ያን ቀን ካካ አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ደግሞ ካኩ በየሰላጣው የለውዝ ዱቄት ይነሰንሳሉ። የለውዝ ግማሽ ያህል ክብደቱ ዘይት መሆኑን ብነግራቸው «እሱ ለውዝ ነው» ብለው ወሬውን ዘጉት።

በሰሙነ ሕማማት ተራው የእኔ ሆነ። እናቴ ያን ሳምንት ዘይትም አትነካም፤ ስለዚህ ከቤት ይዤ የመጣሁትን ሽሮ እንደ እሷ ልሠራው ተነሣሁ። ሽንኩርቱን አድቅቄ ደረቅ ድስት ውስጥ አቁላላው ጀመር፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግሁ። ካኩ ጎኔ ቆመው ዘይት እስክጠይቅ ይጠብቃሉ። አልጠየቅኩም። በርበሬው ሲገባ ሦስታችንም ሳልን፤ ካካ ሳሎን ሆነው።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«እናቴ። የእኛ ወጥ ሲጀመር እንዲህ ነው።» ሌላ ጊዜ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ዘይት እንደሚንቆረቆር አልነገርኳቸውም።

ደብተራቸውን አምጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ሽንኩርት፣ ውሃ፣ ሽሮ ብለው በማራቲ ጻፉና ብዕራቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ስንት ፉጨት?»

«ካኩ፣ ሽሮ በኩከር አይሠራም፤ አያፏጭም። ትክ ትክ ነው የሚለው።»

ትንሽ አሰቡና ከቁጥሩ ቦታ ላይ «ትክ ትክ» ብለው ጻፉ።