ስለ አሮጌ ቤትና ስለ ኤሌክትሪክ

ዝናም በማይለየው በከፋ ምድር፥ በሺሺንዳ፥ ብዙው አሮጌ ቤት በእንጨት ተማግሮ፥ በጭቃ ተመርጎ፥ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። በእንዲህ ያለው ቤት ቀድሞ የሚዘረጋው ቀጭን ሽቦ የሚታሰበው ለአምፖል ነው፤ ኋላ ግን የእንጀራ ምጣድ ይጨመርበታል። ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፤ ይኸውም ባለ 60 ዋት 50 አምፖል በአንድነት እንደ ማብራት ነው። ሽቦው ከዓቅሙ በላይ ሲሸከም ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳቱም በምርጊቱ ውስጥ ያለውን ደረቅ እንጨት ይይዛል።

ፊውዝ የተሠራው አስቀድሞ ራሱ ተቃጥሎ ቤቱን እንዲያድን ነው፤ ሰው ግን መብራቱ በጠፋ ቁጥር እየተሰላቸ በወፍራም ሽቦ ይተካዋል። ይህ ሌባ አይቶ የጮኸውን ውሻ እንደ መግደል ነው።

ስለዚህ አስተዋይ የቤት ጌታ ግድግዳውን ኖራ ከመቀባቱ አስቀድሞ ለምጣዱ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ለብቻው በባለሙያ እጅ ያስዘረጋል፤ በልኩ የተሠራውንም ፊውዝ ወደ ዘበኝነቱ ይመልሳል።